ከየልጁ የተቀነሰው

ሰው ብዙውን ጊዜ ቅጽል ስም የሚወጣለት በጉድለቱ ነው፤ ለእሷ ግን በጥንቃቄዋ ወጣላት። ቤተ ሙከራው ውስጥ ከኋላዋ «ዶክተር ነጥብ» ይሏታል። ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር ካልተጻፈ ወረቀት አትፈርምም። ሦስት ሲሏት «ሦስት ነጥብ ስንት?» ብላ ትመልሳለች። ቲማቲም ሻጭን ሳይቀር «ሁለት ኪሎ ነጥብ ስንት ነው ይሄ?» ብላለች ተብሎ ይወራባታል። ውሸት ነው፤ ግን ወሬው ስለሚመስላት ማንም አላስተባበለላትም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ መርዝ ነው፤ መቀመም ሳይሆን ማደን። ከሐይቅ ዓሣ ሆድ ውስጥ ፈልጋዋለች፣ ከአበባ እርሻ ሠራተኞች ሽንት ውስጥ ፈልጋዋለች፣ ከጉድጓድ ውሃ ውስጥም እንዲሁ። ስሟን ያቆመው ግን አንድ ጥናት ነው፤ የሁለት መቶ አስራ አንዱ ልጆች ጥናት።

ነገሩ የዛሬ አስራ አራት ዓመት የሆነ ነው። አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ ከሚያወጣ ፋብሪካ ጋር አጥር የሚጋራ ትምህርት ቤት አለ። እርሳስ ሲባል ልጆቹ የሚጽፉበት አይደለም፤ ከባዱ ብረት ነው። ብናኙ በትንፋሽና ባልታጠበ እጅ ወደ ልጅ ሰውነት ይገባል፤ ከገባ በኋላ ቶሎ አይወጣም፤ በማደግ ላይ ያለ አእምሮ ላይ ደግሞ ክፉ ነው። ወላጆች ጮኹ፣ ፋብሪካው ካደ፣ ሁለቱም ወገን «እንግዲያው ደማቸው ይለካ» ሲል ሥራው ለእሷ ተሰጠ። ሌላው ባለሙያ «እስከ አስር ማይክሮግራም ድረስ ግድ የለም» በሚልበት ዘመን እሷ «አምስት ካለፈ አልፈርምም» አለች። ከሁለት መቶ አስራ አንዱ ልጆች አምስትን ያለፉት ዘጠኝ ብቻ ሆኑ። እነዚያ ዘጠኙ ታከሙ፤ ትምህርት ቤቱም ፋብሪካውም ባሉበት ቆዩ። ጽሑፏ በየአገሩ ተጠቀሰ። ግልባጩን የፋብሪካው ሰዎች በመስታወት አስገብተው ዘበኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ታናሽ ወንድሟ ያኔ እዚያ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተማሪ ነበር፤ ዛሬ ርእሰ መምህሩ ነው። የራሱን ልጅም የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለች ደም አሰጥቷታል፤ መዝገቡ ላይ ሰማንያ ስምንተኛዋ እሷ ናት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት የከተማው ምክር ቤት በዚያው ትምህርት ቤት ጉዳይ ይሰበሰባል። ወንድሟ ሰባት ዓመት ደጅ ጠንቶ፣ ከወላጆች አሰባስቦ፣ አጥሩ ሥር አዲስ የመዋእለ ሕፃናት ሕንፃ አቁሟል። ምክር ቤቱ ከፈቀደ ሰኞ መቶ ስልሳ ሕፃናት ይገቡበታል። ለቦታው ደኅንነት ያለው ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ የእህቱ ጥናት። የምክር ቤቱ ጸሐፊ «ዋናውንም መዝገብ ይዘው ይምጡ» ስላላት ነው ዶክተር ነጥብ በማለዳ ገብታ መዝገቡን ከመደርደሪያ ያወረደችው። አቧራውን በእጇ ጠረገች፤ ገለጠችው፤ ለወጉ ያህል ልታየው አሰበች። አይ ወግ!

አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ደም ከመለካቱ በፊት በየዕለቱ ከጥቂት አሲድ በቀር ምንም የሌለበት ውሃ ይለካል። «ባዶ» ይሉታል። መሣሪያው ባዶው ላይ ጥቂት እርሳስ ካሳየ፣ ያ ጥቂት የውሃው እንጂ የልጁ አይደለምና ከእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ላይ ይቀነሳል። ቀላል ሂሳብ ነው፤ ሕፃንም ይሠራዋል።

ዶክተር ነጥብ ጣቷን የባዶው ዓምድ ላይ አሳርፋ ወደ ታች ወረደች። ሰኞ፣ ዜሮ ነጥብ ሁለት። ማክሰኞ፣ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። ረቡዕ፣ አንድ ነጥብ ስምንት። ሐሙስ፣ ሁለት ነጥብ ሰባት። ዓርብ፣ ሦስት ነጥብ አምስት። በሁለተኛው ሰኞ፣ አምስት ነጥብ አንድ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሄዶ «ጠርሙሱ ታጥቦ ተሞላ» የሚል ማስታወሻ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ዜሮ ነጥብ ሁለት። ከዚያ እንደገና ሽቅብ።

ክው አለች።

ያኔ ያየችው የሦስቱን ሳምንት አማካይ ብቻ ነበር። አማካዩ ደግሞ እንደ ጨዋ እንግዳ ነው፤ የቤቱን ጉድ አይናገርም። ውሃ ግን በዕድሜ እርሳስ አያበቅልም፤ ከተቀመጠበት ዕቃ ካልተቀበለ በቀር። ቀና ብላ አየች። ጠርሙሱ እስከ ዛሬ ድረስ መስኮቱ ጥግ አለ፤ ከእሷ በፊት የነበረው የቤተ ሙከራ ኃላፊ ትቶት የሄደ፣ ከባድ፣ ባለ ክዳን ክሪስታል። አሁን የብዕር ማስቀመጫ ሆኗል። ክሪስታል እንደዚያ የሚከብደውና የሚያብረቀርቀው እርሳስ ስለሚገባበት እንደሆነ ለተማሪዎቿ በየዓመቱ ታስተምራለች። አሲድ ያለበት ውሃ ሲቀመጥበት ደግሞ እርሳሱን እንደሚያወጣው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል። ከተማውን ሙሉ እርሳስ ፍለጋ ስታስስ እርሳሱ መስኮቷ ላይ ቁጭ ብሎ ይታዘባት ነበር።

«ባዶው በየቀኑ እንዳይለዋወጥብኝ፤ ከአንድ ዕቃ ይቀዳ» ብላ ያዘዘችውም ራሷ ናት። ያኔ ጥንቃቄ መስሏት ነበር።

ሌላም ነበር፤ የከፋ። ከልጆቹ አስራ ሰባቱ «ዜሮ» ወጥተዋል። ማቅለጫ አጥር ሥር አፈር ላይ የሚንከባለል ልጅ፣ ደሙ ዜሮ! ያኔ ደስ ብሏት ቡድኑን ሻይ ጋብዛበታለች። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእሷ ነበር እንዴ?

አንድ ተስፋ ብቻ ቀረ። ደም ከመለካቱ በፊት በውሃ ይቀጥናል። ደሙ የቀጠነው ከዚያው ከክሪስታሉ በተቀዳ ውሃ ከሆነ፣ ደሙም ባዶውም እኩል ተበክለዋልና መቀነሱ ልክ ነው፤ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ደሙ በሌላ ንጹሕ ውሃ ቀጥኖ ባዶው ብቻ ከክሪስታሉ ከሆነ ግን፣ ከየልጁ ደም ላይ የጠርሙሱ እርሳስ ያለ አግባብ ተቀንሷል ማለት ነው። መዝገቡ ይህን አይናገርም። የሚያውቀው አንድ ሰው ነው።

ብዕሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች፤ ጠርሙሱን አጠበች፤ አሲድ ያለበት ውሃ ሞልታ ከደነችው። ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ሰዓት ተኩል። መዝገቡን በብብቷ ይዛ ወጣች።

ታክሲው ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው።

«እትዬ! ክራቫት ልሰር ወይስ ይቅር?»

«እሰር።»

«ንግግሬ ውስጥ ስምሽን ሦስት ቦታ አስገብቼዋለሁ። ሁለቱን ልሰርዝ እንዴ፣ ያስቀናል?» ሳቀ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲፈራ ነው የሚቀልደው።

«ስማኝ፣ ምናልባት…» አለችና አቆመች። ምን ልትለው ነው? ገና አላረጋገጠችም። ያላረጋገጠችውን መናገር ደግሞ በዕድሜዋ አድርጋው አታውቅም። «ምናልባት እዘገይ ይሆናል» አለችው።

«ብትዘገዪ እንኳ ጽሑፍሽ እኔ ዘንድ አለ፤ አታስቢ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሰማንያ ስምንት ቁጥር ትዝ አለቻት። የወንድሟ ልጅ ዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አስረኛ ክፍል ላይ ሁለት ጊዜ ወድቃ ልብስ ስፌት ቤት ገብታለች። አባቷ «ጭንቅላቷ የአክስቷ ነው፤ ስንፍናዋ ነው እንጂ!» ሲል ኖሯል። አክስቲቱም ብትሆን አላነሰች። ክፍልፋይ ልታስተምራት ተቀምጣ፣ ልጅቷ አራተኛ ጊዜ ስትረሳባት «ልብሽ የት ነው ያለው?» ብላ ደብተሩን ከፊቷ ወርውራዋለች። ልጅቷ ደብተሩን አንስታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ «ይቅርታ አክስቴ» ነበር ያለችው። ዶክተር ነጥብ ታክሲው ውስጥ ዓይኗን ጨፈነች።

ያኔ ደሙን በእጁ ያቀጥን የነበረው፣ አሁን ጡረታ የወጣው ባለሙያ የሚኖረው ፎቅ ቤት ሦስተኛ ደርብ ላይ ነው። «ጠብታ» ይሉት ነበር፤ በአርባ ዓመት ሥራ አንዲት ጠብታ አፍስሶ አያውቅም ተብሎ። ደረጃውን ወጥታ በሩን ስታንኳኳ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጠብታ በሩን ከፍቶ ቁልቁል አያት።

«ምነው ልጄ፣ በደኅና ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ደኅና ነኝ ጋሼ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው።»

«ግቢና ጠይቂኛ! በር ላይ የምን ጥያቄ ነው?»

ክፍሉ እንደ ሰውየው ነው። ብርጭቆዎቹ በቁመታቸው ተደርድረዋል፤ ፎጣው ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ ታጥፏል። ተቀመጠች። ምስክር ሲጠየቅ መልሱ በአፉ አይጎረስለትም፤ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ የምትመኘውን መልስ ከፊቷ ላይ አጥፍታ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ያኔ የሁለት መቶ አስራ አንዱን ልጆች ደም ስንሠራ፣ ደሙን የሚያቀጥኑበትን ውሃ ከየት ነበር የሚቀዱት?»

ጠብታ መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ወደ መስኮቱ አቅንቶ አየው፤ እንደገና ጠረገው። እሷ ውስጧ «ከጠርሙሱ በል፤ እባክህ፣ ከጠርሙሱ በል» ይላል። ሰው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ እንዲህ ይለምናል? ይለምናል።

«የልጆቹን ደም?» አለ።

«አዎ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ ነው የምታውቂኝ? ጠዋት ሰው ሳይገባ ገብቼ ከማጣሪያው ትኩስ እቀዳ ነበራ! በየቀኑ! ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ሲባል አልሰማሽም? ሕፃን ልጅ አልቅሶ የሰጠውን ደም በከረመ ውሃ ላቀጥን? እኔ?»

«አንድ ቀን እንኳ፣ ደክሞዎት፣ ከዚያ ከክሪስታሉ አልቀዱም?»

«ከክሪስታሉማ ባዶው ብቻ ነው። አንቺው አይደለሽ 'ከአንድ ዕቃ' ብለሽ ያዘዝሽው? ከዕቃ ሁሉ ክዳኑ ጥብቅ የሚለው እሱ ነበር፤ መርጬ ነው።»

ሰውየው ለእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሰነፍ ሆኖ ቢሆን ኖሮ፣ ማልዶ መምጣቱ ታክቶት ከቅርቡ ቀድቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት መቶ አስራ አንዱም ልጆች ትክክለኛ ቁጥራቸውን ባገኙ ነበር። ልጆቹን ስንፍና ያተርፋቸው ነበር፤ ትጋት ጎዳቸው። ለማን ይነገራል ይሄ?

ጠብታ ሞኝ አይደለም። መነጽሩን አደረገ፤ ብብቷ ሥር ያለውን መዝገብ አየ፤ ፊቷን አየ።

«ጠርሙሱ ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ነው።»

«ክሪስታል… ክሪስታል እኮ…» እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ስብሰባው ዛሬ አይደለም እንዴ? ሬዲዮ ላይ ሰምቻለሁ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

«ከእኔና ከአንቺ በቀር ይህን የሚያውቅ አለ?»

«የለም።»

ሽማግሌው ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። «እንግዲያው ስሚኝ። አርጅቻለሁ። ነገ ከነገ ወዲያ ሟች ነኝ። ከጠርሙሱ ነበር የምቀዳው ብል ማን ይዞ ይሞግተኛል? አፌን ሞልቼ እለዋለሁ። ጽሑፍሽም ይቆማል፤ ስምሽም ይቆማል፤ ወንድምሽም…»

እውነቱን ለመናገር፣ ፈለገችው። ጻድቅ አይደለችም። ሃያ ስድስት ዓመቷን፣ ስሟን፣ የወንድሟን ክራቫት ሁሉ በአንዴ አየችና ፈለገችው። ሽማግሌው ሌላ ቃል ቢጨምር ኖሮ ምን እንደምትል እሷም አታውቅም። ጠብታ ግን አልጨመረም።

«ሰኞ መቶ ስልሳ ሕፃናት ይገባሉ፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ።

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

«አራት። አምስት።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «በይ፣ አልዋሽም። ጥፋቱን ግን እኔ ላይ አድርጊው። ጠርሙሱን የመረጥኩ እኔ ነኝ።»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አይሆንም። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እርስዎ የነገሩኝን በእጅዎ ጽፈው ይፈርሙልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

ጻፈ። አንዲት የቀለም ነጥብ አላፈሰሰም።

ቤተ ሙከራ ስትመለስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ያስቀመጠችውን ውሃ ለካች፤ ከጎኑም ከማጣሪያው ትኩስ ቀድታ ለካች። ትኩሱ ንጹሕ ነው፤ ዜሮ ነጥብ ሁለት። የጠርሙሱ በሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ብቻ መዝገቡ ላይ ያለውን ደረጃ መውጣት ጀምሯል። ከእንግዲህ ጥርጥር የለም። ቁጭ አለችና ከመጀመሪያው ልጅ ጀምራ፣ በየቀኑ ባዶ ልክ፣ ያለ አግባብ የተቀነሰውን መለሰችላቸው። አንድ መቶ ሃያ ሦስት ቁጥር ልጅ፣ ሁለት ነጥብ አራት የነበረው አምስት ነጥብ ዘጠኝ። አንድ መቶ ሃያ አራት ቁጥር፣ ከዜሮ በታች ወርዶ ዜሮ ተብሎ የነበረው ሦስት ነጥብ አንድ። እንዲህ እያለች ወረደች። ሰማንያ ስምንትን ዘላ አልፋ ነበር፤ ሁሉንም ስትጨርስ ተመለሰችባት። ደሟ የተለካው ሁለተኛው ሰኞ ላይ ነው፤ ብዙ የተቀነሰበት ቀን። ሦስት ነጥብ ሁለት ይል ነበር። ከዚያ ቀን አምስት ነጥብ አንድ ላይ የንጹሑን ውሃ ዜሮ ነጥብ ሁለት አንስታ፣ የቀረውን አራት ነጥብ ዘጠኝ ጨመረችበት። ስምንት ነጥብ አንድ።

አምስትን ያለፉት ልጆች ዘጠኝ አልነበሩም። አንድ መቶ አስራ ስምንት ነበሩ። ብዕሯን አስቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ታጠበች፤ ሰዓት የለምና።

ለወንድሟ ሦስት ጊዜ ደወለችለት፤ አላነሳም። አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ለዘጠኝ አስር ጉዳይ ነው። ወንድሟ በወላጆች ተከቦ ይስቃል፤ ክራቫቱን አስሯል። ክንዱን ያዘችው።

«ሁለት ደቂቃ ስጠኝ።»

«ከስብሰባው በኋላ ሁለት ሰዓት እሰጥሻለሁ እትዬ።»

«አሁን ነው የምፈልግህ። የጥናቱ ቁጥር ልክ አይደለም።»

ፊቱ ለአፍታ ተኮማተረ፤ ወዲያው ፈታ አለ። «ነጥቧ አንሳ ነው?» አለና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ስሙ ተጠራ፤ ጥሏት ገባ።

ወንድሟ ደኅና ተናጋሪ ነው። ስለ ሕንፃው ተናገረ፤ አሸዋ በራሳቸው ትከሻ ስላመላለሱት ወላጆች ተናገረ። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን አጠፈና እንዲህ አለ፤ «ጥናቱን የማምነው እህቴ ስለሠራችው አይደለም። የገዛ ልጄን ክንድ ለመርፌ የዘረጋሁ ሰው ስለሆንኩ ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ። ዶክተር ነጥብ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ያ ጭብጨባ እንዳያልቅ ተመኘች፤ ሲያልቅ ተራው የእሷ ነውና። አለቀ።

መድረኩ ላይ ቆማ መዝገቡን ገለጠች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ስለ ባዶው ነገረቻቸው፤ ስለ ጠርሙሱ፤ ስለ ራሷ ትእዛዝ። የጠብታን ጽሑፍ አነበበች። «ዘጠኝ ብያችሁ የነበሩት አንድ መቶ አስራ ስምንት ናቸው። ስህተቱ የኔ ነው። የፋብሪካውን ጭስ ደኅና ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ሕፃናቱን እዚያ አታስገቧቸው» አለች።

ማን ምን እንደሚል የማይለይ ጩኸት ሆነ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ሲደበድብ ቆይቶ ጸጥታ ሲገኝ የፋብሪካው ጠበቃ እጁን አወጣ። ለስላሳ ሰው ነው፤ የሚያስፈራውም ለዚያ ነው።

«ዶክተር፣ የዛሬ አስራ አራት ዓመትም እርግጠኛ ነበሩ። ዛሬም እርግጠኛ ነዎት። የትኛዋን ዶክተር እንመን?»

«አንዳቸውንም አትመኑ» አለች። «መዝገቡ ይኸው፤ ጠርሙሱም እዚያው አለ። ሌላ ሰው፣ በሌላ ቤተ ሙከራ፣ ልጆቹን እንደገና ይለካ። እስኪለካ ድረስ ግን ሕፃን አይግባ። እኔን ውሸታም ለማለት ጊዜ አላችሁ፤ ልጆቹ ግን ጊዜ የላቸውም።»

ጠበቃው ተቀመጠ። ምክር ቤቱ ለግማሽ ሰዓት ተማክሮ ተመለሰና ፈቃዱን ከለከለ፤ ያለውም ትምህርት ቤት ልኬቱ እስኪያልቅ እንዲዘጋ ወሰነ። እሷ ኋላ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስትጠብቅ ወንድሟ ያንን ሁሉ ጊዜ ፊተኛው ረድፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጦ ነበር። አንዴም አልዞረም።

ስድብ ጠብቃ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ሰደባት፤ ይገባኛል ብላ ተቀበለችው። ያልጠበቀችው የመጣው ግን ከመካከል ነው። ከረጢት ያነገተች ሴት ብድግ ብላ «የኔ ልጅስ ስንት ነበር?» አለች። ስድብም አልነበረም፤ ጥያቄ ብቻ ነው። ከኋላዋ ሌላ ሰው ተነሣ። ወዲያው ከመድረኩ ሥር እስከ በሩ ድረስ ሰልፍ ተሠራ። ጠረጴዛ አመጡላት፤ መዝገቡንና አዲሱን ስሌቷን ዘርግታ ተቀመጠች። ወላጅ ጎንበስ ይላል፣ የልጁን ስም በጆሮዋ ይነግራታል፣ እሷ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብላ ቁጥሩን ትነግረዋለች። አንዱ ሰባት ነጥብ ሦስት ተባለና «ልጁ አሁን ወታደር ነው፤ ደኅና ነው እኮ» ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። አንዷ አምስት ነጥብ ስምንት ስትሰማ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆየችና ሄደች። ለእያንዳንዱ የት ሄዶ መታየት እንደሚቻል ጽፋ ትሰጣለች። እጇ ዛለ። ቀና ሳትል የሚቀጥለውን ወረቀት ስባ ብዕሯን አዘጋጀች።

«የልጄን ውጤት ይንገሩኝ፣ ዶክተር።»

ድምፁን ስታውቅ ቀና አለች። ወንድሟ ነው። ተሰልፎ፣ እንደ ማንም ወላጅ ተራውን ጠብቆ ነው የመጣው። ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከቶታል። በሕይወቱ ሙሉ እትዬ እና አንቺ ብሎ እንጂ ሌላ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

«ወንድሜ…»

«ከኋላዬ ሰው አለ።»

ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ግን እሱም እንደ ሌሎቹ መዝገቡ ላይ በዓይኑ እንዲያየው ጣቷን ሰማንያ ስምንት ላይ አሳረፈችለት።

«ስምንት ነጥብ አንድ።»

የንግግሩን ወረቀት አወጣ፤ ገልብጦ በጀርባው ላይ ጻፈው። እጁ ረጋ ያለ ነበር። ከዚያ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ ጠየቀ።

«ስንፍናዋ… እኔ ስንፍና ያልኩት… ከዚህ ነው?»

የዚህን ጥያቄ መልስ ሃያ ስድስት ዓመት ታውቀዋለች፤ ተማሪዎቿንም አስተምራለች። ያን ቀን ግን አፏ ላይ መረራት።

«በአንድ ልጅ ላይ ከዚህ ነው ብሎ መናገር አይቻልም» አለች። «አይደለም ብሎ መናገርም አይቻልም።»

ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ። የሰጠችውን የሐኪም አድራሻ ከንግግሩ ጋር አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና «አመሰግናለሁ» ብሎ ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ለቀቀ። ልትነሣ፣ ልትከተለው፣ እግሩ ሥር ልትወድቅ ፈለገች። ከኋላው የቆመችው እናት ግን ጎንበስ ብላ የልጇን ስም ነግራታለች፤ ዶክተሯ መዝገቡ ላይ መፈለግ ጀመረች።